የጋሽ ደምሴ ልብና የእኔ ኦሲሎስኮፕ

ኢንተርኔት ላይ አንድ ገጽ አለ። የተዘጋጀው ለእንደኔ ዓይነቱ፣ ደሞዙ ከሱቅ መሣሪያ ለመግዛት ለማይበቃ፣ እጁ ግን ከሽቦ ለማይለይ ሰው ነው። አንድ የማላውቀው ደግ ሰው ኦሲሎስኮፕ የሚባለውን መሣሪያ በርካሽ እንዴት መሥራት እንደሚቻል ንድፉን፣ የዕቃውን ዝርዝር፣ ፕሮግራሙን ሳይቀር፣ ምንም ሳይደብቅና ምንም ሳያስከፍል እዚያ አስቀምጦታል። የፈለገ ይወስዳል፤ የተሻለ ሐሳብ ያለው ይጨምርበታል። ከየአገሩ ብዙ ሰው ጨምሮበታል። አንዱ ልኬቱን አስተካክሏል፣ ሌላው ባትሪው እንዲቆይ አድርጓል። እኔም ጨምሬበታለሁ። የእኔዋ በመመሪያው መጨረሻ ላይ ያለችው አንዲት መስመር ናት፦ «ይህ መሣሪያ የሰው ልብ መመርመሪያ አይደለም፤ በተለይ መብራት በሚጠፋበት አገር።»

ያነበቡት ሁሉ ቀልድ ይመስላቸዋል። ነገሩ እንዲህ ነው።

ኦሲሎስኮፕ ማለት በሽቦ ውስጥ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ መውጣትና መውረድ ስክሪን ላይ መስመር አድርጎ የሚያሳይ ነገር ነው። የተበላሸ ሬዲዮ ብትከፍቱ፣ ድምፁ የት ቦታ ደርሶ እንደጠፋ በዚያ ትደርሱበታላችሁ። እኔ ኮተቤ ውስጥ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ይህን ቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ ለሚሆነው ነገር ሁሉ የፊዚክስ አስተማሪዎችን እንዳትወቅሱ ብዬ ነው።

መመሪያው «በአንድ ቅዳሜና እሁድ ተሠርቶ ያልቃል» ይላል። እኔ ሦስት ወር ፈጀብኝ። የጻፈው ሰው የሚታረም የፈተና ወረቀት የሌለው መሆን አለበት። በመጀመሪያው ወር በመበየጃው የጠረጴዛ ልብስ አቃጠልኩ። በሁለተኛው ወር የሩዝ ፍሬ የማታህል አንዲት ዕቃ ምንጣፍ ላይ ጣልኩና ቤተሰቡ በሙሉ በጉልበቱ እየዳኸ ሲፈልጋት ዋለ፤ መጨረሻ ላይ ካልሲዬ ላይ ተለጥፋ ተገኘች። በሦስተኛው ወር ሁሉም ነገር ተሟልቶ ማቀፊያ ሳጥን ጠፋ። ሴት ልጄ አሮጌ የምሳ ዕቃዋን ሰጠችኝ። ሮዝ ነው፤ ክዳኑ ላይ የምትስቅ ጥንቸል አለች። የጥንቸሏን ሆድ ቀደድኩና ስክሪኑን እዚያ ገጠምኩት።

ባለቤቴ ሰናይት አገላብጣ አየችው።

«እና አሁን ይሄ ምን ይሠራል?»

«መስመር ያሳያል።»

«ምን ዓይነት መስመር?»

«ቀጥ ያለ። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ደግሞ ይወዛወዛል።»

ሰናይት ነገር አታበዛም። የጠረጴዛውን ልብስ ቀዳዳ አየት አድርጋ ወደ ማጀት ገባች።

የምንኖረው እትዬ አስካለ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነው። ደግ ሴት ናቸው፤ በመካከላችን የነበረው ቅሬታ አንድ ብቻ ነው፣ ሬዲዮናቸው። «እኔ አበጅልዎታለሁ» ብዬ ወስጄ ከፈታታሁት ቆይቷል። አንድ ሐሙስ ከሰዓት ሊጠይቁኝ መጡ። ሬዲዮው ሆድ ዕቃው ተዘርግፎ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ዓይናቸው እዚያ ላይ እንዳያርፍ ብዬ ፈጠን አልኩና ኦሲሎስኮፑን አቀረብኩላቸው። ከሳጥኑ የሚወጣ፣ ጫፉ ሹል የሆነ ሽቦ አለው።

«እስቲ ይቺን ጫፍ በጣትዎ ይንኳት፣ እትዬ።»

ነኩ። ተኝታ የነበረችው መስመር ብድግ አለችና ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ እያለች ስክሪኑን አቋርጣ ትሮጥ ጀመር።

አሁን በቅንነት ላስረዳችሁ። ይህ ከእትዬ አስካለ ጋር ምንም አያገናኘውም። በግድግዳውና በጣሪያው ውስጥ የመብራት ሽቦ አለ። የሰው ሰውነት ልክ እንደ አንቴና ከዚያ የሚመጣውን ይቀበላል፣ መሣሪያው ደግሞ ያንን ያሳያል። ማንም ቢነካው ያው ነው።

«ልቤ ነው?» አሉ በሹክሹክታ።

«አይ እትዬ፣ የመብራቱ ሞገድ ነው።»

«ክሊኒክ የተነሣሁት ልክ እንደዚህ ነው። ልቤ ነው።» ፊታቸው በርቷል። ሬዲዮውን ጭራሽ ረስተውታል። «ጠንካራ ነው፣ አይደል?»

ሰው በሕይወቱ አንዲት ቃል ሊውጥ የሚገባው ጊዜ አለ። እኔ ግን ሬዲዮው መረሳቱ ስለጣመኝ፣ «በጣም!» አልኩ።

አርብ ዕለት ሁለት ጎረቤቶች መጡ። ቅዳሜ በሩ ላይ ሰልፍ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው «ይሄ የመብራት ሞገድ እንጂ ልብ አይደለም» እላለሁ፤ እያንዳንዱም «እሺ ዶክተር» ይልና ጣቱን ይዘረጋል። የማዶዋ ባለሱቅ የእሷ መስመር ከእትዬ አስካለ ያነሰ መስሏት ተከፋች፤ የመሣሪያውን ማስተካከያ ትንሽ አዞርኩና ከፍ አደረግኩላት፣ እያመሰገነች ሄደች። አንድ ሽማግሌ «በወረቀት አይሰጥም?» አሉኝ። ሰናይት ከማጀት ብቅ ብላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ንገራቸው እንጂ!»

«ነገርኳቸው እኮ።»

«እየሳቅክ ነው የነገርካቸው።»

እውነቷን ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ወንዝና ተራራ ሳስተምር አንድም ሰው ዶክተር ብሎኝ አያውቅም።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የእትዬ አስካለ ታላቅ ወንድም ጋሽ ደምሴ መጡ። ጡረታ የወጡ የደን ጠባቂ ናቸው፤ ከእንጦጦ ማርያም ወረድ ብሎ ባህር ዛፍ መሐል ብቻቸውን ይኖራሉ። ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው፤ ዳገቱን ግን እኔ በግማሽ ዕድሜያቸው በማልወጣው ፍጥነት ነው የሚወጡት። ሰሞኑን «ትንሽ ደከም ይለኛል» ማለታቸውን እህትየው ሰሙና ለምርመራ አስጠሯቸው።

ኮታቸውን ቆልፈው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡና ጥንቸሏን ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው ጋሼ። ግን ልብ አይደለም የሚያሳየው…»

«እሱ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የሚለው፣ ትሑት ነው» አሉ እትዬ አስካለ። «ንካው ጋሼ።»

ነኩት። መሣሪያው ቻርጅ ላይ እንደተሰካ ስለነበር ይሁን ወይም እጃቸው ሰፊ ስለሆነ፣ መስመሯ እንደዚያ ቀን ከፍ ብላ ዘልላ አታውቅም። ሰልፈኛው አጨበጨበ። ጋሽ ደምሴ ከጢማቸው ሥር ፈገግ ማለት ሲጀምሩ ፍሪጁ ግርር ብሎ ዝም አለ። መብራት ጠፋ።

ኦሲሎስኮፑ ባትሪ ስላለው አልጠፋም። ስክሪኑ ቦግ እንዳለ ነው። የጋሽ ደምሴም ጣት ከቦታው አልተነሣም። መስመሯ ብቻ ተኛች። ቀጥ ብላ፣ ከዳር እስከ ዳር።

ከዚያ እትዬ አስካለ «ወንድሜን!» ብለው ጮኹ፤ ሰልፉ በሙሉ ተከትሏቸው ጮኸ። የተረጋጉት ጋሽ ደምሴ ብቻ ነበሩ።

«ጣቴን ላንሣ ወይስ ልተወው?» አሉኝ።

«ምንም አልሆኑም! መብራቱ እኮ ነው የጠፋው!»

«የሱም መብራት ጠፋ!» እያሉ እትዬ አስካለ ደረታቸውን ይደቃሉ።

«ሌላ ሰው ይንካውና እንይ» ብል ሰዉ ሁሉ እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። እኔ ራሴ ልነካ ጣቴን ስሰነዝር እትዬ አስካለ እጄን መቱኝ። «ተው! በአንድ ቀን ሁለት ሰው ልትገድልብን ነው?» አሉና ነጠላቸውን ከትከሻቸው ገፈው መሣሪያውን እንደ አስከሬን አለበሱት።

ጋሽ ደምሴን ወደ ግቢው አውጥቼ ሙዝ ዛፍ ሥር አስቀመጥኳቸው። መብራቱ እስኪመጣ ልንጠብቅ ብንልም ሳይመጣ መሸ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ሽቦ፣ ስለ ሞገድ፣ ስለ አንቴና አስረዳኋቸው። አንዲትም ቃል ሳያቋርጡኝ አዳመጡ። ሲነሡ ትከሻዬን ያዝ አደረጉ።

«ገባኝ ልጄ። አንተ ጥሩ ሰው ነህ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

እንዴት ደስ አለኝ! አሁን በክፍሌ ውስጥ እንዲህ የሚያዳምጥ ተማሪ ባገኝ ብዬ ተመኘሁ። በኋላ ነው የተረዳሁት። የገባቸው ነገር፣ እኔ ለሽማግሌ መርዶ መንገር የማይሆንልኝ ርኅሩኅ ሰው መሆኔ ነበር።

ሰኞ ጠዋት እትዬ አስካለ በሬን ደበደቡት። ከእንጦጦ አንዲት ጎረቤት ደውላላቸዋለች። ጋሽ ደምሴ ቅዳሜ ማታውኑ የንስሐ አባታቸውን አስጠርተዋል። እሁድ ጋቢያቸውን ለአንዱ፣ ዶማና መጥረቢያቸውን ለሌላው፣ ዱቄታቸውን ለተቸገረች ሴት አድለዋል። ስልካቸውን «ከዓለም ነገር ልራቅ» ብለው ዘግተዋል። ከቅዳሜ ወዲህ ከጠበል በቀር ምንም አልቀመሱም። ይህ ሁሉ ሳያንስ ከጋሽ ተካ ጋር ታርቀዋል።

ጋሽ ተካ የጋሽ ደምሴ የአጥር ጎረቤት ናቸው። በድንበሩ ላይ በቆሙ አምስት ባህር ዛፎች ምክንያት አሥራ አንድ ዓመት ተኮራርፈዋል። አንድ ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ፣ አንድ ዕድር ውስጥ ናቸው፤ በዕድር ስብሰባ ላይ እንኳ ጎን ለጎን ተቀምጠው «እዚህ ላሉት ሰውዬ ንገሩልኝ» እየተባባሉ ነው በሰው የሚነጋገሩት። አሁን ጋሽ ደምሴ አምስቱንም ዛፎች መርቀው ሰጥተዋቸዋል።

«ደምሴ ዛፍ ከሰጠ አበቃለት ማለት ነው» አሉ እትዬ አስካለ። «አንተ ነህ የገደልከው፤ ሂድና አስነሣልኝ።»

ሳቄ ሁሉ እዚያው ላይ ደረቀ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ሦስት ቀን እህል ካልቀመሱ፣ ልባቸው ደህና ነበረ ማለት ምን ይጠቅማል? ሰናይት ጫማዬን አቀበለችኝ። «ተናገርና ይቅርታ ጠይቅ። አትሳቅ» አለችኝ። እትዬ አስካለ ድፎ ዳቦ በላስቲክ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ «ከዳነ ይብላው፤ ካልሆነም ለቀባሪው ይሆናል።» እኔም ኦሲሎስኮፑን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

እዚህ ላይ አስተውሉልኝ። ለሦስት ቀን «ይሄ የልብ መመርመሪያ አይደለም» ስል የከረምኩት ሰውዬ፣ ልባቸው እንደሚመታ በእሱ አሳያቸዋለሁ ብዬ ነው ይዤው የሄድኩት።

ሽሮ ሜዳ ድረስ በታክሲ፣ ከዚያም በሌላ ታክሲ እንጦጦ ማርያም ደረስኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለውን ቁልቁለት በእግሬ ተያያዝኩት። ቅጠል ተሸክማ የምትወጣ አንዲት ሴት ፊቴን አይታ ቆመች።

«ልቅሶ ነው እንዴ?»

«ገና ነው» አልኳት።

ጋሽ ደምሴ ተላጭተው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው መደባቸው ላይ ተኝተዋል። ቤቱ ባዶ ነው። አንዲት ዶሮ ብቻ ወለሉን ትጭራለች።

«መጣህ?» አሉ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ። «ባርኔጣዬን ላንተ አስቀምጬልሃለሁ። ዶሮዋም ናት የቀረችው፤ የሚወስዳት አልመጣም።»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ምንም አልሆኑም። ይኸው ይዤው መጣሁ፤ ይንኩትና በዓይንዎ ይዩ።»

ቀስ ብለው ጣታቸውን ዘረጉ። መስመሯ ንቅንቅ አላለችም። ጥብቅ አድርገው ያዙት። ምንም የለም። ያኔ ነው ቀና ብዬ ጣሪያውን ያየሁት። ሽቦ የለም፣ አምፖል የለም። መስኮቱ ላይ በፀሐይ የምትሠራ ትንሽ ፋኖስ ተንጠልጥላለች። ለካ መብራት እዚያ ቤት ገብቶ አያውቅም! ጂኦግራፊ አስተማሪ መሆኔን ነግሬያችኋለሁ፤ ሆኖም የት እንዳለሁ ማወቅ የእኔው ትምህርት ነበር።

«ቆይ ቆይ ጋሼ፣ እኔ ልንካው» ብዬ ጫፏን ያዝኩ። መስመሯ ያው ናት።

ጋሽ ደምሴ ከመደቡ ላይ ብድግ ብለው ተቀመጡ። ስክሪኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ዓይናቸው በእንባ ሞላ።

«አንተም?»

«አይደለም ጋሼ…»

«ልጆችህ እኮ ገና ትንንሽ ናቸው! መቼ ነው የጀመረህ?» እያሉ ጀርባዬን ያሻሹኝ ጀመር። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ዞር ብዬ የእጄን ትርታ በስውር ፈተሽኩ። ነበረ። አንዴ እየተሰማኝ አንዴ እየጠፋብኝ አስቸገረኝ እንጂ ነበረ።

ከዚያ ዓይኔ ዶሮዋ ላይ አረፈ። አባርሬ፣ ከመደቡ ሥር ጎትቼ ያዝኳት። ጋሽ ደምሴ እግሯን ያዙልኝ፤ እኔ የሽቦውን ጫፍ በክንፏ ሥር አስጠጋሁ። መስመሯ ቀጥ ብላ ተኝታለች።

«እሷም ሞታለች» አሉ ጋሽ ደምሴ በሐዘን።

ሟቿ በዚህ ጊዜ እጄን በመንቆሯ ወግታ ደም በደም አደረገችኝና፣ እየጮኸች በኦሲሎስኮፑ ላይ ተረማምዳ በበሩ ወጣች። ጋሽ ደምሴ ከዓይናቸው እስክትጠፋ ተከትለው አዩዋት።

«መምህር።»

«አቤት።»

«የሞተች ዶሮ እንዲህ አትሮጥም።»

«አትሮጥም ጋሼ።»

«እንግዲያው የሞተው ይሄ ሳጥን ነው።»

ግማሽ ሰዓት ሙሉ የሰጠሁት ትምህርት ያላደረገውን ዶሮ አደረገችው። ለክርክር አልቆምኩም፤ «ትክክል ነው» አልኩና ዳቦውን አወጣሁ። የመጀመሪያውን ቁራሽ ሲያኝኩ ሳይ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው ሁለተኛውን ደገሙ፣ ሦስተኛውን ቆረሱ። በደከማቸው ጉዳይ ረቡዕ ዕለት እኔው ይዣቸው እውነተኛ ሐኪም ዘንድ እንድንሄድ አስማልኳቸው፤ «እሺ፣ ጥንቸል የሌለበት ከሆነ» አሉኝ። አራተኛውን ወደ አፋቸው ሲያደርሱ ድንገት ቆሙ።

«ዛፎቼ!»

ጫማቸውን ሳያስሩ ወጡ። ሦስት ቀን ያልበሉ ሰው መሆናቸውን ረስቼ ከኋላቸው ሮጥኩ። አጥሩ ጋ ስንደርስ ከአምስቱ ባህር ዛፎች ሁለቱ ተቆርጠው ተጋድመዋል። ጋሽ ተካ፣ ቀጭን ረጅም ሰው፣ መጥረቢያቸውን ይዘው ቅርንጫፍ ይመለምላሉ። ቀና ብለው ሲያዩን መጥረቢያው ከእጃቸው ወደቀ።

«በስመ አብ!» ብለው አማተቡ። «ደምሴ! ተነሣህ እንዴ?»

«ተነሣሁ!» አሉ ጋሽ ደምሴ እያለከለኩ። «አንተ ግን ምነው ቸኮልክ? አንድ ሳምንት እንኳ መጠበቅ አቃተህ? እስክቀበር ብትታገሥ ምን ነበረበት?»

«እስክትቀበር ብጠብቅማ ምን ይጠቅምሃል?»

«እንዴት?»

ጋሽ ተካ አንገታቸውን ደፉ። በእግራቸው አንዱን ግንድ ነካ ነካ አደረጉት።

«የዕድሩ ድንኳን ምሰሶው ጎዶሎ ነው። ባለፈው ክረምት ልቅሶ ላይ ወድቆ ሰዉ ዝናብ ሲመታው መዋሉን አታስታውስም? ያንተ ልቅሶ እንደዚያ ይሁን? አገር ነው የሚመጣብህ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያላናገርኩህን…» መጥረቢያቸውን ከመሬት አነሡ። «ቢያንስ በደረቅ ቦታ ያልቅሱልህ ብዬ ነው።»

ጋሽ ደምሴ ግንዱን አዩ፤ ባርኔጣቸውን ለማውለቅ እጃቸውን ወደ ራሳቸው ሰደዱ፣ ባርኔጣ የለም። በመጨረሻ ጎንበስ አሉና በስንዝር ይለኩ ጀመር።

«አጭር ነው» አሉ።

«ማን? ይሄ? ልክ ነው!»

«ለመሐል ምሰሶ አጭር ነው። ሰው ጎንበስ ብሎ ሊገባ ነው በእኔ ልቅሶ ላይ? ሥሩ ድረስ መቁረጥ ነበረብህ። እኔ ሠላሳ ዓመት ዛፍ ስጠብቅ ኖሬ…»

«ለጎን ይሆናላ! ለመሐሉ ያኛው አለ፣ ሦስተኛው።»

«ሦስተኛው ጠማማ ነው። አራተኛውን ነው መቁረጥ።»

«አራተኛው ይሻላል?»

«የኔን ዛፍ እኔን ታስተምረኛለህ?»

«ሰጥተኸኛል እኮ!»

«ሰጥቻለሁ፤ አልመልስም። ግን አቆራረጥ አትችልም።»

ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አዘንብላ በዛፎቹ መሐል ትገባለች። እነሱ እየጮኹ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያልተነጋገሩትን ሁሉ በሁለት ግንድ ላይ እየተወጡት ነበር። እኔ ቦርሳዬን ታቅፌ ዳር ቆሜያለሁ፤ ማንም አያየኝም። ደመና ሲያንዣብብ ጋሽ ተካ ቀና ብለው አዩና «ዝናብ ሳይመጣ ዳገቱ ላይ ካለው ጎጆዬ ሥር እናስገባው» አሉ። ጋሽ ደምሴ የግንዱን አንድ ጫፍ ያዙ፣ ጋሽ ተካ ሌላውን።

«ቀስ በል!»

«አንተ ቀስ በል፣ ደካማው አንተ ነህ!»

ሦስት እርምጃ እንደሄዱ ጋሽ ደምሴ ዞር ብለው አዩኝ።

«መምህር! እዚያ ከምትገተር መሐሉን ያዝ እንጂ።»

ቦርሳዬን መሬት ላይ ጣልኩና ገባሁበት። ግንዱ እርጥብ ነው፣ ይከብዳል፣ ትከሻ ይልጣል። ዳገቱን ስንወጣ ከፊትም ከኋላም እኔኑ ይሰድቡኝ ነበር።